ሄይቲ ተራራ ላይ ያገኘሁት ካባ

እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሬኒየር ቢች ሰፈር ጎረቤቴ የሆነው ዣን ሄይቲያዊ ነው። አውሎ ነፋስ አገሩ ያለውን መንደራቸውን ሲያወድመው ልብስ እየሰበሰበ ይልክ ነበር። ለባለቤቴ ኮል ሳደርግላት «የልብስ ክሎዜቱ ውስጥ ያለውን ጥቁር ላስቲክ ስጠው» አለችኝ። ብከፍተው ላስቲኩ ሁለት ነው። ለተቸገረ ሰው ቀላሉን መስጠት ነውር መሰለኝና ከባዱን ሰጠሁት።

ትናንት ዣን ቪዲዮ ቴክስት አደረገልኝ። ጎርፉ ተመልሶ እንዳይመጣ መንደርተኛው በደቦ ተራራው ላይ ችግኝ ይተክላል። ከፊት የሚቆፍሩትን ሽማግሌ ሳይ ክው አልኩ። የሙሽራ ካባ ለብሰዋል! ለፊታችን እሁዱ የባለቤቴ እህት ልጅ መልስ ከአዲስ አበባ ያስመጣነው ካባ!

ለዣን ደወልኩለት። «የሹም ልብስ መስሏቸው እኮ ነው» አለኝ ደስ ብሎት፤ «አሁን እሳቸው ሳይለብሱት ተከላ አይጀመርም።»

ምን አማራጭ አለኝ? ለባለቤቴ አሳየኋት። እጇን አፏ ላይ ጭና ስታይ፣ ከሽማግሌው ኋላ አንዲት አሮጊት የሙሽሪትን ካባ ደርበው፣ ችግኝ ታቅፈው ብቅ አሉ።

ስልኩን መለሰችልኝ።

«ችግኙ ይጽደቅላቸው። አንተ ግን ፓስፖርትህን ፈልግ።»