ስድሳ ምዕራፍ ከደባርቅ

ባለቤቴ ሥራው ሳንቃ በር፣ በተራሮቹ ፓርክ ካምፕ ውስጥ ስለሆነ፣ ከተጋባን በኋላ ደባርቅ ያለው ቤት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምንኖረው እኔና አማቴ ነበርን። አማቴ ቄስ ናቸው። ሚስታቸው እኔ ወደዚያ ቤት ከመግባቴ በፊት ነው ያረፉት። እኔ የዳባት ልጅ፣ የሂሳብ መምህርት ነኝ። ሁለታችንም ዝምተኞች ነን። እሳቸው ከቤተ ክርስቲያን፣ እኔ ከትምህርት ቤት እንመለሳለን፤ ራት አቀርባለሁ፤ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ» ይሉኛል፤ ጨዋታው በዚያው ያልቃል።

በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ሲጋመስ ጽንስ ወረደብኝ። ባለቤቴ መጥቶ ጥቂት ሰንብቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ጎረቤቶችም «ሌላ ይስጥሽ» ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን የሚያነሳ ሰው አልነበረም። እናቴ በስልክ «ልምጣ ወይ?» ስትለኝ «ደህና ነኝ፣ አትድከሚ» አልኳት። በአማቴ ቤት እንግዳ መጥራት ከብዶኝ ነበር።

የፋሲካ ማግስት ከሰዓት በኋላ አማቴ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ የሂሳብ መምህር አይደለሽም?»

«ነኝ፣ አባ።»

«እስቲ አንድ ነገር አስቢልኝ። ዛሬ ስለ ኤማሁስ መንገድ ሳስተምር አንዲት እናት ጠየቁኝ። ‹ሁለቱ ደቀ መዛሙርት በዚያው ምሽት ኢየሩሳሌም ተመለሱ ይባላል፤ ለመሆኑ መንገዱ ምን ያህል ነው?› አሉኝ። ስድሳ ምዕራፍ ነው አልኳቸው። ‹እሱማ ከዚህ እስከ የት ነው?› ሲሉኝ መልስ አጣሁ።»

ምዕራፍ የመጽሐፍ ክፍል ብቻ ይመስለኝ ነበር። የጥንት የመንገድ መለኪያም እንደሆነ ያን ቀን ከሳቸው ሰማሁ። ስልኬን አውጥቼ ስፈልግ የግሪኩ ሌላ፣ የሮማው ሌላ፣ የግብፁም ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ብዙዎቹ የሚስማሙበትን መቶ ሰማንያ አምስት ሜትር ያዝኩና በስድሳ አባዛሁት።

«ዐሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ አባ።»

«ኪሎ ሜትሩን ለሾፌር ንገሪው። እኔ የተጠየቅሁት ከዚህ እስከ የት ተብዬ ነው።»

ካርታውን ከፈትኩና ከደብራችን በር ተነስቼ መንገዱን ተከተልኩት። ስድሳው ምዕራፍ ወደ ፓርኩ በሚወጣው መንገድ፣ ቡይት ራስ ለመድረስ ጥቂት ሲቀር አለቀ። ነገርኳቸው። «ነገ ሄደን እንየዋ» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰውነትሽ ይችላል?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ ሰውነቴ ከሐኪሙ ሌላ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «እችላለሁ» አልኩ።

በጠዋት ተነሳን። እሳቸው በመቋሚያቸው እየተመረኮዙ፣ እኔ ስንቅ ይዤ። ብርዱ ገና አልለቀቀም። ከላይ የሚወርዱ በቅሎ ነጂዎች እየቆሙ መስቀል ይሳለማሉ። ሰዉ ሁሉ «በሰላም ነው፣ አባ? ወዴት ነው?» ይላቸዋል። «ኤማሁስ» ይላሉ፤ ሳቅ አይሉም።

መንገድ ላይ ስለ ሰንበት መንገድ ጠየቅኋቸው፤ በሰንበት እንዲኬድ የተፈቀደው ማለት ነው። «ሁለት ሺህ ክንድ ነው» አሉኝ።

«በማን ክንድ?»

ቆሙ። ነጠላቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ዘረጉ፤ የእኔንም አጠገቡ አዘረጉኝ። የእኔ በሦስት ጣት ያህል አነሰ።

«እንግዲያው በሰንበት አንቺ ቀድመሽ ትቆሚያለሽ፤ እኔ ትንሽ እልፋለሁ» አሉ። ሳቅሁ። ከጾሙ ወዲህ ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

ዳገቱ ሲጠና አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «በግእዝ ምዕራፍ ማለት ማረፊያም ነው» አሉኝና ከጎናቸው ቦታ ለቀቁልኝ። ጥቂት ተንፍሰው ወደ ገደሉ እያዩ ተናገሩ።

«የባልሽ እናት ከእሱ በፊት ሁለት ወርደውባታል። እኔ ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ፤ ምን እንደሚባል አላውቅም። ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። አንቺም እንደሷ ዝም ስትዪ ሳይ አላስችል አለኝ።»

አለቀስኩ። ተዪ አላሉኝም፤ እስኪወጣልኝ ጠበቁኝ። ከዚያ እኔም አወራሁ፤ ሐኪም ቤት ስለነበረው፣ ስለ ፍርሃቴ። እናቴ ናፍቃኝ ሳለ አትምጪ እንዳልኳትም ነገርኳቸው።

«ዳባት በዚህ መለኪያሽ ምን ያህል ይሆናል?» አሉኝ።

«የኤማሁስን እጥፍ ያልፋል፣ አባ።»

«ሩቅ አይደለም» አሉ።

ስልኬ ዐሥራ አንደኛው ኪሎ ሜትር መሙላቱን ሲያሳየኝ የቆምነው አንድ የታረሰ የገብስ ማሳ ዳር ነበር። ሌላ ምንም የለም። አማቴ ግን ግራ ቀኙን በደንብ አዩት። በማሳው ማዶ ያሉ ገበሬ ባልና ሚስት ቄስ ሲያዩ መጥተው መስቀል ተሳለሙና በግድ ቤታቸው አስገቡን። ድፎ ዳቦ ቀረበ። አማቴ ባርከው ቆረሱና ከባለቤቶቹም ከራሳቸውም በፊት ለእኔ ሰጡኝ።

ለመመለስ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ከፓርኩ የሚወርድ መኪና አሳፈረን።

እሑድ እኒያን የጠየቋቸውን እናት ፈልገው፣ «ከደጃችን እስከ ቡይት ራስ መዳረሻ ነው» አሏቸው። «ታዲያ ይኼማ የደርሶ መልስ መንገድ ነው» አሉ ሴትዮዋ፤ እንዲህ ቅርብ መሆኑ ትንሽም ቅር ያሰኛቸው መሰለኝ።

በዚያው ሳምንት ከትምህርት ቤት ስመለስ አማቴ ቤት የሉም። ስልክ ደወሉልኝ። ያሉት መናኸሪያ ነው። ስደርስ የዳባት ሚኒባስ በር ላይ ቆመው የእናቴን ዘንቢል ተቀብለው ይዘዋል። እናቴ እኔን ገና ሳታየኝ፣ ግራ ገብቷት ታያቸዋለች።

«ልጄ ደህና ናት ወይ? ምን ሆነች?» አለቻቸው።

«ደህና ናት። የጠራሁዎት እኔ ነኝ» አሉ። «ናፍቀዋታል፤ ሰንብተውልን ይሂዱ።»

እናቴ እስከ ግንቦት መጨረሻ ሰነበተች። አማቴ የራሳቸውን አልጋ ለቀውላት መደብ ላይ ተኙ። ብንለምናቸውም እሺ አላሉም።