ሀፉራ የተከለከለበት ዓመት

ነቀምቴ ላይ ወሬ ከመኪና ይቀድማል። ደረሳ በግ መግዛት ሲጀምርም ወሬው ከሱ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ደረሳ ጎንደር ተምሮ የመጣ የጤና መኮንን ነው፤ እኛ ግን ነጭ ጋውን ለለበሰ ሁሉ ማዕረግ ስለማንሰስት ዶክተር ብለነዋል። በጉን ሆስፒታሉ ጓሮ በመድኃኒት ያስተኛዋል። ትንፋሹ ቀጥ ሲል ከቀጥቃጭ የገዛውን ወናፍ፣ ጫፉ ላይ የጎማ ላስቲክ የሰፋበትን፣ አፍንጫው ላይ ገጥሞ ይነፋለታል። በጉ ይነቃል። ወሬውም አብሮ ይነቃና ገበያ ሲደርስ "ታርዶ የተበላ በግ አስነሣ" ይሆናል።

የደረሳ ምርምር ግን ለበግ አልነበረም። ጉቶ ጊዳ ገጠር ልቡ ቀጥ ያለ ሰው በቃሬዛ ከተማ እስኪደርስ አልቆለታል። በየመንደሩ ደረት መጫንና ትንፋሽ መስጠት የሚችል ሰው ቢኖርስ? "ሁሉም አይተርፍም" ይል ነበር፤ "ዛሬ ግን ማንም አይተርፍም።"

ማስተማሪያ ቦታ የሰጠው ጉራጌው ባለሱቅ ወልደገብርኤል ነው፤ የሱቁን ጓዳ። ተማሪዎቹ የሰፈር ሰዎች፣ ሕመምተኛው ደግሞ ገለባ የተጠቀጠቀ ጆንያ። ስሙን "ጓድ ጆንያ" አልነው። የባለሱቁ ሚስት ሸዋርጋ ከሁሉ ጎበዝ ወጣች።

"ሃያ ዓመት ሙሉ ስትጫነኝ ኖራ" አለ ወልደገብርኤል፣ "አሁን ደግሞ በትምህርት አስደገፋችኋት!"

"ዝም በል፤ አንተ ስትወድቅ ታመሰግነኛለህ" አለችው።

ደረሳ ትምህርቱን ባማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ነው የሚጨርሰው። "እጅ ጫኑ! ሀፉራ ኬና!" ይላል። ትንፋሽ ስጡ ማለቱ ነው። ሀፉራ ባገሩ ቋንቋ ትንፋሽ ነው፤ መንፈስም ነው። ጸሎት ቤቶች በታሸጉበት በዚያ ዓመት ይኼ ቀልድ አልነበረም።

የቀበሌያችን ካድሬ ዘነበ ከሸዋ የመጣ ሰው ነው። ከኦሮምኛ ሦስት ቃል ያውቃል፤ "ኮቱ"፣ "ዴሚ" እና "ሀፉራ"። ና፣ ሂድ፣ መንፈስ። ሦስተኛዋን የተማረው ጴንጤ ሲያስር ነው። በጓዳው መስኮት ሥር ሲያልፍ የሰማውን ሰማና በማግስቱ ሁሉንም ወደ ቀበሌ አስጠራ።

"እጅ ትጭናላችሁ?" አለ ደረሳን።

"እንጭናለን።"

"ሀፉራ ትሰጣላችሁ?"

"እንሰጣለን።"

"ለማን?"

"ለሞተ ሰው።"

ከዚህ በላይ ኑዛዜ ከየት ይመጣል? ደረሳ ታሰረ፤ ወናፉም የወንጀል ዕቃ ተብሎ ተወሰደ። ተማሪዎቹ በቀበሌው አዳራሽ፣ በስብሰባ ፊት ግራ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው "እጅ አልጭንም! ሀፉራ አልሰጥም!" ብለው ተለቀቁ። ከመሐላቸው ኩማ የሚባለው ተሸካሚ ድምፁ ጎላ ስለሚል ሁለት ጊዜ አስባሉት።

ብዙም ሳይቆይ እዚያው አዳራሽ፣ መፈክር በመሐል ላይ ሳለ፣ ወልደገብርኤል ካግዳሚው ወንበር ተንሸራቶ ወደቀ። ሸዋርጋ ሰው ረግጣ ደረሰችና ደረቱን መጫን ያዘች። ስትጫን ትንፋሹ ይቀራል፤ ስትተነፍስለት መጫኑ ይቀራል።

"ኩማ! ሀፉራ! ኧረ ሀፉራ ስጠው!"

ኩማ ብድግ አለ። የዘነበን ፊት አየ። ተቀመጠ። ሌሎቹም ተማሪዎች፣ እንደ ጓድ ጆንያ፣ ባሉበት ቀሩ። እውነቱን ለመናገር ዘነበ አልከለከለም። ወዙ ጠፍቶ "መኪና ጥሩ! መኪና!" ይል ነበር እንጂ። መኪናው የመጣው ሸዋርጋ ክንዷ ዝሎ ባሏ ደረት ላይ ከተደፋች በኋላ ነው።

ለደረሳ እስር ቤት ድረስ ሄዳ የነገረችው እሷው ናት፤ ማቅ ለብሳ።

"ማን ተጫነ?" አላት።

"እኔ።"

"ማን ተነፈሰለት?"

"እኔው።"

"ሌሎቹስ?"

"ሌሎቹ መፈክር ላይ ነበሩ።"

ከወራት በኋላ ሕዝቡ የመጀመሪያ እርዳታ ይማር የሚል መመሪያ ከላይ መጣ። የሚያውቀው ታስሯል። ስለዚህ ፈቱትና ወናፉን መለሱለት፤ ቆዳውን አይጥ በልቶታል። ከዚያ ሲሬ ወደምትባል የገጠር ከተማ ላኩት፣ ዘነበን እንዲጠብቀው አጠገቡ አስቀምጠው። ደረሳም ጆንያው ላይ እጁን አድርጎ፣ ለገበሬዎቹ "ቅሌንሳ ስጡት" እያለ አስተማረ። ቅሌንሳ ነፋስ ነው፤ ማንንም አያሳስርም።

አዴ ዓባይነሽ የሚሏቸው አሮጊት ሳቁ። "ልጄ፣ ቅሌንሳ ለኳስ ነው። ለሰው የሚሰጠው ስም አለው አይደል? ረሳኸው እንዴ?"

ዘነበ ጥፍሩን ማየት ጀመረ።

"አልረሳሁም፣ እናቴ" አለ ደረሳ። "ነቀምቴ ላይ፣ ስብሰባ መሐል ሞቶብን ነው።"

አሮጊቷ የሞተው ሰው መስሏቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። "ወይኔ! ነፍሱን ይማረው" አሉ።