ቆሞ ማብላት

ንፋስ መውጫ ላይ የተከራየነው ቤት ዋና ሥርዓቱ አንድ ነው፤ መጀመሪያ እንግዳ ይበላል። እኛ አራት ካቶሊክ ምእመናን ነን፤ መነኮሳት አይደለንም። ለሕክምና መጥተው ማደሪያ ያጡ ድሆችን እንቀበላለን። እነሱ ሲበሉ ቆመን እናስተናግዳለን፤ የተረፈውን ኋላ ጓዳ ገብተን እንቀማምሳለን። ትሕትና ማለት ይህ ነው ተብለን ነው የተማርነው።

ከስማዳ የመጡ አንዲት አሮጊት ግን ምግባችንን እንቢ አሉ። የታዘዘላቸው ክኒን በባዶ ሆድ አይወሰድም። እሳቸው ከቤታቸው በቋጠሩት ቆሎ ይውጡትና ያስመልሳቸዋል። መሶቡን ሳቀርብላቸው “እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ጠግቤያለሁ” ይሉኛል። በምን እንደጠገቡ እሳቸውና ፈጣሪ ያውቃሉ። አንገታቸው ቀጥኖ ማተባቸው ሰፍቷቸዋል።

ነገሩ የሃይማኖት ነው ብዬ ደመደምኩ። ኦርቶዶክስ ናቸው፤ የካቶሊክ እጅ ያበሰለውን ተጸይፈው ይሆናል። ኦርቶዶክስ ጎረቤታችንን ለምኜ የጾም ሽሮ በእሷ እጅ አሠራሁ፤ እንቢ አሉ። ጭራሽ አንድ ቄስ ለምኜ አመጣሁ። ቄሱ መሶቡን ባርከው፣ ተዝካር ስለተጠሩ ወዲያው ወጡ። ሴትዮዋም “አሜን” ብለው ሲያበቁ፣ “ጠግቤያለሁ” አሉ።

የቤቱ ኃላፊ፣ በዕድሜ የምትበልጠን እህት፣ “ታገሺ፣ ጸልዪ” ትለኛለች። ጸለይኩ። ንዴቴ ግን ባሰብኝ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አሮጊቷ ግድግዳ ይዘው ተነሡና ዕቃቸውን በነጠላ ይቋጥሩ ጀመር። ክኒኑን ትተው አገራቸው ሊገቡ ነው። ካቋረጡት በሽታው እንደሚገድላቸው ሐኪሙ እኔው ፊት ነግሯቸዋል። ደሜ ፈላ። መሶቡን ፊታቸው አስቀምጬ ቁጭ አልኩና፣ “ለእኔ ይንገሩኝ፣ ምን አለበት ይሄ እንጀራ? መርዝ አለበት?” ብዬ ቆርሼ ጎረስኩ። ደገምኩም። ከንዴቴ ብዛት ጨው ይኑረው አይኑረው አልለየሁትም።

አሮጊቷ እስክውጥ ድረስ ትኩር ብለው አዩኝ። ከዚያ ቋጠሯቸውን አስቀመጡ።

“እስቲ ለእጄ ውሃ አምጭልኝ” አሉ።

ታጥበው እጃቸውን ወደ መሶቡ ሲዘረጉ ኃላፊያችን ጆግ ይዛ ገባች።

“ምነው፣ እንግዳ ሳይጠግብ?” አለችኝ።

“አንችም ተቀመጭ እንጂ፣ ልጄ” አሏት አሮጊቷ።

“ሥርዓታችን አይፈቅድም፣ እናቴ።”

የተዘረጋው እጅ ባዶውን ተመለሰ።

“ተቀመጪ” አልኳት ኃላፊዬን። ከዚያ በፊት አዝዣት አላውቅም። ፊቷ ጠቁሮ ተቀመጠች፤ ትንሽ ቆርሳ ጎረሰች። ያን ጊዜ አሮጊቷ መብላት ጀመሩ። ረጋ ብለው፣ ጥግብ እስኪሉ በሉ። እናቴ ለጎረቤት ጠላ ስትቀዳ ቀድማ እንደምትቀምስ፣ እንግዳዋንም ብቻውን አስበልታ እንደማታውቅ እያየሁ ነው ያደግሁት። ያን ሁሉ በትሕትና ስም እንዴት እንደረሳሁት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሮጊቷ ክኒናቸውን ዋጡ። ሁለታችንን ተራ በተራ አዩንና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

“ለመሆኑ፣ ምን አስቀይሜያችሁ ኖሯል እስከ ዛሬ ያኮረፋችሁኝ?”