ያልተነሳው ፎቶ

የክፍል ጓደኞቿ «ጭምቷ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ኮሌጅ በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ራሳችሁን አስተዋውቁ ሲባል ተነሳች፣ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ አንድም ቃል ሳይወጣት ተመልሳ ተቀመጠች። እንዲህ ያለች ልጅ ፎቶ ጋዜጠኝነት ልማር ማለቷ ለብዙዎች ቀልድ ነበር። ልብስ ሰፊ እናቷን ግን አልገረማትም። «የእሷ አፍ እኮ ዓይኗ ነው» ትል ነበር፣ መርፌ ላይ ክር እየሰካች።

ችግሩ ዓይኗ ከሩቅ ብቻ ማየቱ ነው። ፎቶዎቿ ሁሉ ከጀርባ፣ ከደረጃ ላይ፣ ከመንገድ ማዶ የተነሱ ናቸው። መምህሯ ደግሞ ዕድሜውን ጋዜጣ ቤት በፎቶ አንሺነት የጨረሰ ሰው ነበር፤ ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ቃል አለችው፤ «ጠጋ በሉ!» ተማሪዎቹ በዚህ የተነሳ በሌለበት «ረዳቱ» ይሉታል። እንደ ታክሲ ረዳት ጠጋ ጠጋ በሉ ሲል ነዋ የሚውለው።

አንድ ቀን የእሷን ፎቶዎች ግድግዳው ላይ አብርቶ ወደ እሷ ዞረ።

«ይሄን ከጣሪያ ላይ ሆነሽ ነው ያነሳሽው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

«የሰው ፊት የታለ? ሰውን ጉንዳን አሳክለሽ እኮ ነው ያመጣሽልኝ! ነገ መናኸሪያ ሂጂ። ሥራው ላይ ያለ ሰው ፊት ይዘሽልኝ ነይ። ካልሆነ ይሄ ኮርስ አብሮሽ ይከርማል።»

በማግስቱ መናኸሪያው እንደ ወትሮው ይተራመሳል። አውቶቡሶች ጎን ለጎን ተደርድረው ያጓራሉ፤ ተሸካሚዎች ሻንጣ በጫንቃቸው አድርገው በመሰላል ጣሪያ ላይ ይወጣሉ፤ ከመስታወት ቤቷ ውስጥ ያለችው ጠሪ በድምፅ ማጉያ የሚነሳውን አውቶቡስ ትለፍፋለች። ጭምቷ አንድ የትኬት መስኮት አጠገብ ቆማ፣ ከኮሌጁ በውሰት ያመጣችውን ረጅም ሌንስ ከሩቅ ወደ ሰዉ ደቅናለች። ጠጋ ልበል ትላለች፤ እግሯ እሺ አይላትም። ዝም ብላ ታነሳለች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

በዚህ መሃል አንዲት ሴት ጮኸች።

«ቦርሳዬን! ሌባ! ያዙልኝ!»

ያን ጊዜ አንድ ረጅም ተሸካሚ ከአውቶቡሶቹ መሃል እየሮጠ ብቅ አለ። ሌላ የሚሮጥ ሰው አልነበረም፤ ጥፋቱም ይኸው ሆነ። አንዱ በእግሩ ጠለፈው። ሰውየው በግንባሩ ተደፋ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ትኬት የያዘው፣ ልጅ ያዘለችው፣ ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ከበበው። «እኔ አይደለሁም! ኧረ ስለ አምላክ!» ይላል፤ ማን ይስማው። ኪሱን ፈተሹ፤ ምንም የለም። ይሄ ደግሞ አባሰባቸው።

«ለጓደኛው አሳልፎ ነው!»

«እነሱ ሥራቸው እንዲህ ነው!»

ጭምቷ ካሜራዋን አነሳች። በሌንሱ ውስጥ የሰውየው ፊት መጣላት፤ መምህሩ የፈለገው ዓይነት ፊት ነው፤ ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ ዓይኑ ፈጧል። ጣቷ መጫኛው ላይ ነበር። ወዲያው ከፊቱ ጎን አንድ እጅ ገባ፤ እጁ የድንጋይ ንጣፍ ስባሪ ይዟል።

ካሜራውን አወረደችው። እንዴት እንደደረሰች አታውቅም፤ ብቻ ራሷን ክቡ መሃል አገኘችው።

«እሱ አይደለም! ሌባው ሌላ ሰው ነው! ፎቶ አንስቼዋለሁ!»

የራሷን ድምፅ አላወቀችውም። ድንጋይ የያዘው እጅ ባለበት ቆመ።

እውነቱን ለመናገር ምንም አላየችም። ካሜራዋ ውስጥ ምን እንዳለም አታውቅም። ግን ቃል አንዴ ከአፍ ከወጣ ወጣ ነው።

«እስቲ አሳዪን!»

በአውራ ጣቷ ፎቶዎቹን ታሳልፍ ጀመር። የአውቶቡስ ጎማ፤ የተሸካሚ ጀርባ፤ ባዶ መሰላል። ሰዉ ትንፋሹን አንገቷ ላይ እየለቀቀ ይጠብቃል። ድንገት አንዱ ላይ ቆመች። ባለ ቦርሳዋ ሴት ከፊት አለች፤ ከኋላዋ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ ሰው ፊቱን መለስ አድርጎ እጁን ወደ ኪሱ ሰዷል።

«ይሄ ነው» አለች።

ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ አርፎ እንኳን ሌባ፣ አውቶቡስ አይለይበትም። ግን ሁሉም የፈለገውን አየ።

«እጁን ተመልከቱት! እጁን!»

«ውይ፣ ሲያዩት ሰው ይመስላል!»

አንዱ ስልኩን አውጥቶ፣ በእጁ ከፀሐይ ከልሎ፣ የካሜራውን ስክሪን ፎቶ አነሳው። ከዚያ ሰዉ ሰማያዊ ጃኬት ፍለጋ ተበተነ። ፖሊሶች ደርሰው ተሸካሚውንና ሴትየዋን ለቃል ሲወስዷቸው፣ ሰውየው የከንፈሩን ደም በእጅጌው እየጠረገ ዞሮ ጠራት።

«እህቴ! አደራሽን፣ ያቺን ፎቶ እንዳታጠፊያት!»

ቤት ገብታ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከፈተችው። አጉልታ አየችው። ሰማያዊ ጃኬት የለበሰው ሰው እጅ ከኪሱ የሚያወጣው የገዛ ራሱን የቁልፍ ዘለላ ነው። ደግሞም ከሴትየዋ አጠገብ አልነበረም። ረጅም ሌንስ ሩቁን ነገር ጎትቶ ቅርብ እንደሚያስመስል ክፍል ውስጥ ተምራዋለች፤ በሁለቱ መካከል አንድ ሙሉ አውቶቡስ የሚቆም ርቀት ነበር። የሰውየው ፊት ግን፣ ስክሪኑ ላይ የደበዘዘው፣ እዚህ ጥርት ብሎ ይታያል። እሷ ፊት አንስታ አታውቅም፤ ዛሬ ማንሳቷ!

ስልኳ ጮኸ። የኮሌጁ ጋዜጣ አዘጋጅ ነው፤ አንድ ዓመት የሚቀድማት ተማሪ።

«አንቺ ልጅ፣ ኮከብ ሆንሽ እኮ! ፎቶው በየሰዉ ስልክ እየዞረ ነው። "ይህን ሌባ ያያችሁ ጠቁሙ" ይላል። ዋናውን ላኪልኝ፤ የፊት ገጽ ይዤልሻለሁ። "ተማሪዋ በካሜራዋ ሕይወት አዳነች!" አይመችም?»

«አልልክም።»

«እንዴት?»

«አልልክም አልኩህ» ብላ ዘጋችበት።

እናቷ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ልጅቷ ሁሉንም ነገረቻት። እናት ጨርቁን እያጣጠፈች ሰማች።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች በመጨረሻ። «ግን ባትዋሺ ኖሮስ?»

«ይገድሉት ነበር፣ እማ።»

«እንግዲያው በሱ አልቆጣሽም። ቢሆንም ልጄ፣ አንዱን ከገደል ስታወጪ ሌላውን ገፍተሽ ጨምረሻል። እሱንስ ማን ያውጣው?»

ጠዋት መምህሩ ቢሮ ገባች። ሁሉንም ስትነግረው መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ሲያሽ ቆየ።

«ጣቢያ ሂጂና ተናገሪ» አላት።

«መምህር፣ አብረውኝ ቢመጡስ?»

«እኔ ከመጣሁ የምናገረው እኔ ነኝ። አንቺ ሂጂ። ያንን አዘጋጅ እኔ እይዘዋለሁ።»

የፖሊስ ጣቢያው ኮሪደር ጠባብ ነው፤ በግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር። አንዱ ላይ ተሸካሚው ተቀምጧል፤ ከንፈሩ አብጧል። ሲያያት ብድግ አለ፤ ፊቱ በራ።

«መጣሽ! ይኸው፣ ብያችሁ ነበር! ፎቶ ያነሳችው ይህች ናት!»

ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ስታይ ግን ባለችበት ቆመች። ጥፍሮቹ ሥር ነጭ ቀለም ደርቋል። ጭኑ ላይ ፌስታል ይዟል፤ ከፌስታሉ አፍ የሰማያዊ ጃኬት እጅጌ ብቅ ብሏል። ሰውየው የቤት ቀለም ቀቢ ነው። ፖሊስ ሳይጠራው በራሱ እግር ነው የመጣው፤ ጃኬቱን ለብሶ መውጣት ፈርቶ።

ባለ ቦርሳዋም ተጠርታ ነበር። መርማሪው ሁሉንም አስገባቸው። ጠረጴዛው ላይ ወረቀትና የቀዘቀዘ ሻይ አለ።

«እሺ፣ ፎቶውን አምጪው።»

ጭምቷ ካሜራውን አልከፈተችም። እንደዚያ የመጀመሪያ ሳምንት ተመልሳ መቀመጥ አማራት፤ ግን ወንበር አልሰጧትም።

«ፎቶ የለም» አለች።

«እንዴት የለም?»

«ማለቴ... አለ። ግን ስርቆት አያሳይም። እኚህ ሰው ቁልፋቸውን ሲያወጡ ነው። ከሴትየዋም ሩቅ ነበሩ። ሌንሱ ነው ያቀራረባቸው። ማን እንደሰረቀ አላየሁም።»

መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ካላየሽ ለምን አየሁ አልሽ?»

«ድንጋይ የያዘ እጅ ስላየሁ።»

በመጀመሪያ የተናገረው ተሸካሚው ነው። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር።

«እኔ እኮ» አለ፣ «እኔ እዚያ አግዳሚ ላይ ተጋድሜ፣ ግዴለም ፎቶ አለኝ እያልኩ ነው ያነጋሁት።»

«ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

«ኧረ ነፍሴን ነው ያተረፍሽው፤ ምን ይቅር እልሻለሁ?» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ግን ፎቶው ቢኖር ጥሩ ነበር።»

ቀለም ቀቢው ጣልቃ ገባ። «እኔስ? ዛሬ ጠዋት ልጄ "አባዬ ሰርቀህ ነው?" አለችኝ። የሰባት ዓመት ልጅ! የምቀባው ቤት ባለቤት በር አልከፍት አለኝ። እኔን ለየትኛው ድንጋይ ነበር ያጨሽኝ?»



መርማሪው ወደ ባለ ቦርሳዋ ዞረ። ተሸካሚው ሲወስድ አይታ እንደሆነ ጠየቃት። ሴትየዋ የነጠላ ጫፏን ይዛ አቀረቀረች። «ሲሮጥ አየሁት፤ ጮህኩ። እጁን እንኳ አላየሁም» አለች። ለምን እንደሮጠ ሲጠየቅ ተሸካሚው ከትናንት ጀምሮ ሲናገር የነበረውን ደገመው፤ ሻንጣ ሲጭን ካፖርቱን ጣሪያ ላይ ረስቶ አውቶቡሱ ሊነሳበት ነበር። አሁን ገና የሰማው ተገኘ። ሹፌሩ ጋ ተደወለ፤ ካፖርቱ ከጭነቱ መሃል ወጣ። ተሸካሚው ያን ዕለት ተለቀቀ። ቦርሳው ግን እንደጠፋ ቀረ።

ከጣቢያው በር ላይ ቀለም ቀቢው አልፏት ሊሄድ ሲል መንገዱን ዘጋችበት።

«ጋሼ፣ አንዴ መናኸሪያ አብረውኝ ይሂዱ።»

«ሊገድሉኝ?»

«ከፊትዎ እኔ እሆናለሁ።»

ድምፅ ማጉያውን ስትጠይቃት ጠሪዋ መጀመሪያ አሻፈረኝ አለች። የመስታወት ቤቷ ሁለት ሰው አይዝም፤ እንኳን ሦስት። «እህቴ፣ እዚህ የሚነገረው የአውቶቡስ ነገር ብቻ ነው» አለቻት። ቀለም ቀቢው ፌስታሉን እንዳቀፈ፣ «እኔም መንገደኛ ነኝ» አላት፤ «መግቢያ ጠፋኝ እንጂ።» ጠሪዋ ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ ስልኳ ላይ ያየችው ፊት መሆኑን ለየችው። ማይኩን ወደ ጭምቷ ገፋችላት።

ከመስታወቱ ማዶ መናኸሪያው ሙሉ ነው። የትናንቶቹም አሉበት። ትንፋሿ በድምፅ ማጉያው ሲወጣ ሰማችው፤ እንደ ማዕበል። ማይኩን ጥላ ልትሮጥ ትንሽ ቀራት።

«ትናንት ካሜራ ይዤ ሌባውን አንስቻለሁ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። ድምፁ ከጣሪያ ጣሪያ እየተቀባበለ ተመለሰባት። «ዋሽቻለሁ። ሰማያዊ ጃኬት የለበሱት ሰው ምንም አልሠሩም፤ ቁልፋቸውን ነው ያወጡት። ተሸካሚውም አልሰረቀም፤ ካፖርቱን ሊይዝ ነው የሮጠው። ፎቶው ስልካችሁ ላይ ያለ አጥፉት። ለላካችሁለትም ንገሩልኝ።»

ከዚያ ስድቡ ጀመረ። «አንቺ ራስሽ ነሽ ሌባ!» ያላት አለ። የሳቀ አለ። አንድ ሽማግሌ መስታወቱ ድረስ መጥተው ቀለም ቀቢውን እጅ ነሱት። ብዙዎቹ ግን ዓይናቸውን ሰበሩ፤ አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ሲነካካ አየች። ድንጋይ የያዘው ሰው የትኛው እንደነበር አላወቀችም፤ ከእነዚያ መሃል አንዱ እንደሆነ ግን እርግጠኛ ነበረች።

የኮሌጁ ጋዜጣ ታሪኩን ያለ ፎቶ አወጣው፤ እሷ እንደጻፈችው፣ በገዛ ስሟ። አዘጋጁ ለወራት አኮረፋት። መምህሩ ለቤት ሥራው ምንም ስላላመጣች ዜሮ ሰጣት፤ በድጋሚ እንድትሠራ ግን ጊዜ ጨመረላት። ተሸካሚውን ላንሳህ ብላ ጠየቀችው። «እኔን ተዪኝ እህቴ፣ በፎቶ ነገር በቅቶኛል» ብሎ ሳቀ። ጠሪዋ ግን እሺ አለቻት። ጭምቷ መስታወት ቤቷ ውስጥ ተጣብቃ፣ በአጭር ሌንስ፣ ላብ ያወረዛውን የጠሪዋን ፊት አነሳችው። ኮርሱን አለፈች።

ዛሬ ጋዜጣ ቤት ትሠራለች። የሥራ ባልደረቦቿ ፎቶ ለማስረከብ ትዘገያለች እያሉ ያማርራሉ፤ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር የምትጽፈውን ሁለትና ሦስት ጊዜ ሰው ሳትጠይቅ አትጽፍማ። ያ ፎቶም ጨርሶ አልጠፋም፤ አልፎ አልፎ ከአንድ የማያውቁት ሰው ስልክ ብቅ ይላል። ቀለም ቀቢውን አንዳንዴ መንገድ ላይ ታገኘዋለች። እሷ ቆማ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለዋለች፤ እሱ ባልዲውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያዛወረ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። አትፈርድበትም።