የእትዬ አርዲስ ፒያኖና አምስቱ ሸካሚዎች

ቴልማን ውስጥ እምቢ የሚል ሰው የለም። በሚሲሲፒ ዳር ካሉት ከተሞች ሁሉ ትሑቱ ሕዝብ እኛ ነን፤ ካላመናችሁ ስለ ትሕትናችን ግማሽ ቀን ልናወራላችሁ እንችላለን። አንዱ መጥቶ ቤትህን አፍርሼ ልውሰደው ቢለን፣ "እስቲ እናያለን" ብለን ቡና እንቀዳለታለን። ከዚያ ሰውየው ከሄደ በኋላ ሃያ ዓመት እናማዋለን። እኔ እዚህ የመጣሁት በጋብቻ ነው፣ ከኮረብታው ባሻገር ካለው እርሻ። የልጅ ልጅ አይቼም ዛሬ ድረስ "አዲሷ የዶይል ሚስት" ነኝ።

የእትዬ አርዲስ ኮልቤክ ቤት የከተማው ዝቅተኛ ቤት ነው። ከበረንዳቸው ሆነው የቡና አተላ ቢደፉ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ወንዙም ውለታ አይረሳምና በየሁለት ሦስት ዓመቱ ሳሎናቸው ድረስ እየመጣ ይጠይቃቸዋል። ሰማንያውን ካለፉ ቆዩ። በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሲሠሩ ለከተማው ልጅ ሁሉ ድንች ደፍጥጠው አብልተዋል፤ ያ ልጅ አድጎ ሌላ ከተማ ሄደ፣ ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ባላቸው ኤልመር ሳል ሳያቋርጠው ሲጋራ ሲያጨስ ኖሮ በሲጋራው ሞተ። ቢያንስ ሐሳቡን የማይቀያይር ሰው ነበር።

ፒያኖው የኤልመር እናት ውርስ ነው። ወይፈን ያህላል። ግማሹ አይጮኽም፣ የሚጮኸውም ግማሽ ዝም ቢል ይሻል ነበር። ማንም ሰው ሲጫወትበት የሰማ የለም። ወንዙ በሞላ ቁጥር ግን የከተማው ወንዶች ተሰብስበው ከምድጃው በፊት፣ ከማቀዝቀዣው በፊት፣ ከራሳቸው ከእትዬ አርዲስም በፊት ፒያኖውን ያወጣሉ። ዳገቱን ተሸክመውት የሉተራን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ያስገቡታል፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ ቁልቁል ይመልሱታል። ፓስተሩ እዚያው ይቅር ብለው ነበር። ነገር ግን ይሄንን ለእትዬ አርዲስ የሚነግር ጠፋ፤ ቅር ይላቸው ይሆናል ተባለ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ድሮ ሸካሚው ብዙ ነበርና ፒያኖው ለሁሉም ጌጥ ነበር። ከፊሉ ሞተ፣ ከፊሉ ልጆቹን ተከትሎ ሄደ፣ አምስት ቀሩ። አለቃቸው ሜርሊን ሹት ዳሌው ብረት ነው። የኔው ዶይል የወገቡ ነገር አይነሳ። ስለ ሦስቱ ደግሞ የታመመባቸውን ከመቁጠር ያልታመመውን መናገር ይቀላል።

የእትዬ አርዲስ ልጅ ክሬግ ደሞይን ከተማ ነው የሚኖረው። መጥፎ ልጅ አይደለም፣ በየእሑዱ ይደውላል። አባቱን በቀበረ ሰሞን እናቱን እንዲህ አላቸው፦ "እማዬ፣ ጎርፍ ሲመጣ የሚደርስልሽ ጎረቤት እስካለ ድረስ እዚሁ ኑሪ። የሚመጣ ሰው የጠፋ ዕለት ግን ከኔ ጋር ትሄጃለሽ።" እሳቸውም እሺ አሉት። ያዘጋጀላቸውን የአረጋውያን መኖሪያ አንዴ ወስዶ አሳይቷቸዋል። ሲመለሱ እኔ ቤት ገቡና፣ "ምንጣፍ አለው፤ እራት ፀሐይ ሳትጠልቅ ይበላል፤ በየትኛውም መስኮት ብታዪ መኪና ማቆሚያ ነው" አሉኝ። "እዚያ ከገባሁ በሳምንቱ እሞታለሁ ሉአን፤ ለዚያውም በደንብ ተመግቤ።" ይሄንን ስምምነት የማያውቅ ሰው ቴልማን ውስጥ የለም።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ የሰሜኑ በረዶ ቀለጠና ወንዙ ማበጥ ጀመረ። አምስቱ ጀግኖች የኔ ወጥ ቤት ተሰበሰቡ።

"እኔ በቃኝ" አለ ሜርሊን። "ሐኪሙ ከድመት የከበደ ነገር እንዳታነሳ ብሎኛል።"

"እንደ ድመቷ ነው" አለ ዶይል። "የኛዋን አታነሳትም።"

"ማቀዝቀዣውን በጋሪ እናወጣለን፣ የአሸዋ ጆንያ እንሞላለን፣ እሳቸውንም እንወስዳለን። ፒያኖውን ግን ይርሱት ማለት ነው።"

"ማን ይንገራቸው?"

ለድመቷ ቃጭሉን ማን ይሰር የሚለው ጉባኤ ተጀመረ። አምስት ሽማግሌ አንድ ላይ ቀና ሳይል ቡና ሲያማስል አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሜርሊን ቡናው ውስጥ ስኳር እንኳ አልጨመረም።

"ሉአን ብትነግራቸውስ?" አለ በመጨረሻ። "ሴት ለሴት ትግባባላችሁ።"

"እኔ ፒያኖ ተሸክሜ አላውቅም። አፍ የላችሁም?"

"አፍማ አለን።"

"አዎ፣ ኬኬን እየጨረሰው ነው፣ አያለሁ።"

ሜርሊን እንዲናገር ተወሰነ። እኔም ተከትዬ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ትዕይንት ሊያመልጠኝ ነው?

እትዬ አርዲስ ቼሪ ፓይ የሚሉትን የፍራፍሬ ኬክ ጋግረው በር ላይ ቆመው ነበር። ጎርፍ ሊመጣ ሲል ፊታቸው እንደ ሙሽራ ይፈካል። "ኑ ልጆቼ፣ ግቡ! በባዶ ሆድ አይሠራም!" ልጆቻቸው ሁሉ ሰባን ዘለዋል። ሜርሊን በላ፣ አፉን ጠረገ፣ ጉሮሮውን አጸዳ።

"እትዬ አርዲስ፣ አንድ የምነግርዎት ነገር ነበረኝ።"

"ምነው ልጄ?"

"ይሄ ቼሪ..." አለ ሜርሊን፣ "ካለፈው ጊዜው ይጣፍጣል።"

ከዚያ ተነሥተው ፒያኖውን ተሸከሙ። አልዋሻችሁም፣ ተሸከሙ! ምጥ እንደያዛት ሴት እያቃሰቱ በሩን አወጡት፣ ደረጃውን አወረዱት፣ ዳገቱን ጀመሩ። እትዬ አርዲስ የፒያኖውን መቀመጫ ይዘው ከኋላ ይከተላሉ። ካፊያ ጀምሯል። የተዘጋው ባንክ ፊት ለፊት ሲደርሱ ዶይል አንዳች ድምፅ አወጣና መንገዱ ላይ በጀርባው ተዘረጋ። ፒያኖው መሬቱን ሲመታ በዕድሜው የመጀመሪያውን ዜማ አሰማ።

"ይሄን የተረገመ ሣጥን እጠላዋለሁ!" ብሎ ጮኸ ዶይል ወደ ሰማይ። "ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጠላዋለሁ!"

በቴልማን ታሪክ እንዲህ ያለ ንግግር ተሰምቶ አያውቅም።

"እኔም" አሉ እትዬ አርዲስ።

"ምን አሉ?" አለ ሜርሊን።

"እኔም እጠላዋለሁ። አማቴ ናቸው የጫኑብኝ። የሠርጌ ዕለት ትማሪዋለሽ አሉኝ፤ እስኪሞቱ ድረስ አልተማርሽም እያሉ ወቀሱኝ።"

"ታዲያ ለምንድነው የምናወጣው?"

"የምታወጡትማ እናንተ ናችሁ! መጀመሪያ ኤልመር ለእናቱ ብሎ አስወጣችሁ። ከዚያ ወዲህ በመጣችሁ ቁጥር እኔን እንኳ ሰላም ሳትሉ ወደሱ ትሮጣላችሁ። ተዉት ካልኳችሁ ቅር ትሰኛላችሁ ብዬ ነው።"

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ የባንኩን ግድግዳ ይዤ ሳቅሁ። ስንት ዓመት፣ ስንት ወገብ! እሳቸው ለነሱ ይሉኝታ፣ እነሱ ለሳቸው ይሉኝታ! እትዬ አርዲስም ሳቁ፣ ሜርሊንም ሳቀ፣ ዶይል እንኳ ተጋድሞ እያቃሰተ ሳቀ። የክሬግ መኪና የደረሰው ይሄኔ ነው።

የወንዙን ወሬ ሰምቶ የመጣው ክሬግ ወርዶ አየን። ፒያኖው ዝናብ ላይ፣ ዶይል አስፋልት ላይ፣ የቀሩት ፒያኖው ላይ ተደግፈው።

"እማዬ፣ ይደርሱልኛል የምትዪአቸው ሰዎች እነዚህ ናቸው?" አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ የደከመው ሰው ድምፅ ነው።

እትዬ አርዲስ ሳቃቸውን አቆሙ። ወደ አምስቱ ዞሩ። "ፒያኖው ባይኖርስ ትመጣላችሁ?" ብለው ጠየቁ። ልመና አልነበረም፤ ማወቅ ፈልገው ነው።

"እንዴ! እንመጣለን እንጂ!" አሉ አምስቱም ባንድ አፍ። ግን አራቱ ጫማቸውን እያዩ ነበር፤ ዶይል አንገቱን ማዞር ስላልቻለ ደመናውን ያያል። አንድ እንኳ ወንድ ጠፍቶ ዓይናቸውን አይቶ የሚነግራቸው አጡ። ደሜ ፈላ።

"እኔ አለሁ አይደል እትዬ አርዲስ!" አልኩ።

"አንቺንማ አውቃለሁ" አሉኝና ጉንጬን ነካ አደረጉኝ። አራቱን አንድ በአንድ አዩአቸው። ከዚያ ልጃቸውን፣ "ካፖርቴ በሩ ኋላ ተሰቅሏል" አሉት።

ወንዙ የዚያን ሳምንት አጥራቸው ድረስ መጣና ተመለሰ። በረንዳቸውን ጠብታ አልነካውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ወንዶቹ እኔ ወጥ ቤት ተቀምጠው ክሬግን ሲረግሙት ከረሙ። የከተማው ምክር ቤት ባንኩ ፊት ስለቀረው ፒያኖ ተሰብስቦ፣ እስቲ እናያለን ብሎ ተበተነ። በበጋው አንድ ገበሬ በትራክተር ጎትቶ ወሰደው። እትዬ አርዲስ ደሞይን በገቡ በሳምንቱ አልሞቱም። ለገና በላኩልኝ ካርድ፣ ምግቡ ለስላሳ ነው፣ ሰዎቹ ደጎች ናቸው ይላሉ። ስለ ወንዙ አልጠየቁም፤ ይሄ ነው ያስለቀሰኝ።

ዘንድሮ ወንዙ ከምር ሞላ። ዶይል በጠዋት ረጅሙን ቦት ጫማ አድርጎ ወጣ። የአሸዋ ጆንያ ሊሞላ ነው ብዬ ዝም አልኩ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ እኩለ ቀን ላይ ተመለሰና ወንበር ላይ ተቀመጠ።

"የት ነበርክ?"

"ታች። እትዬ አርዲስ ቤት።"

"ቤቱ ባዶ ነው እኮ። ማን ጠራህ?"

"ማንም። ስደርስ ሜርሊን በረንዳው ላይ ቆሟል። ከዚያ ሦስቱም መጡ።"

"ተቀጣጥራችሁ ነው?"

"አልተነጋገርንም።"

"ምን ተሸከማችሁ ታዲያ?"

"ምን አለና! ውኃው ደረጃው ላይ እስኪወጣ ቆምን።"

እውነታቸውን ነበር ማለት ነው። ያን ዕለት እንመጣለን ያሉት እውነታቸውን ነበር። ስልኩን አምጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩ።

"ደውልና ንገራቸው።"

"ምን ብዬ?"

"መጥተን ነበር በላቸው። ሌላ ምንም አትበል። መጥተን ነበር።"

ዶይል ስልኩን አነሣ። ቁጥሩን መነካካት ጀመረ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየና ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው።

"አሁን ምሳ ሰዓታቸው ይሆናል" አለ። "አልረብሻቸውም።"