የእትዬ ዘይነባ እሬት

ባለፈው ሳምንት መካነ ሰላም ሄጄ ሰዓዳ ቤት ጎራ ስል፣ መስኮቷ ላይ ያለውን እሬት ውኃ ስታጠጣ አገኘኋትና ፊቴ ጋለ።

የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። የሰዓዳ እናት፣ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ፣ ሰዓዳን ይዘው ለሕክምና ደሴ ሲሄዱ ያንን እሬት ለእኔ አደራ ሰጡኝ። አረብ አገር ሄዶ በዚያው የቀረው ወንድ ልጃቸው በቀለም ቆርቆሮ የተከለው ነበር።

«በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቻ አጠጪው። እድገቱ አዝጋሚ ነው፤ አታጣድፊው» አሉኝ።

እኔ ግን ሲመለሱ አድጎ እንዲያዩት ስለ ጓጓሁ በየቀኑ አጠጣሁት። ሥሩ በሰበሰ፤ ቅጠሉም ሟሙቶ ሸተተ። መምጣታቸውን ስሰማ ከገደሉ አፋፍ ሌላ እሬት ነቅዬ እዚያው ቆርቆሮ ውስጥ ተከልሁ።

እትዬ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ቅጠሉን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ቆየት ብለው ደግመው ዳሰሱት።

«አላህ አደራ ጠባቂ ያድርግሽ፣ ልጄ» አሉኝ።

«አሚን» አልሁ።

ያወቁ ይሁን ያላወቁ፣ ሳልጠይቃቸው ሞቱ።

ልሰናበት ስነሣ ሰዓዳ ከእሬቱ ሥር አንድ ቡቃያ ነቅላ በፌስታል ሰጠችኝ። «ወንድሜን አስቢበት» አለችኝ።

«እሺ» ብዬ ተቀበልኋት።