ሲሪል ዳክና የተሰጠው ስም

ሲሪል ዳክ በእንግሊዝ አገር፣ በሊንከንሻየር ረግረግ አርባ ዓመት ሙሉ የውሃ ቦይ ሲጠርግና ግድብ ሲደፍን የኖረ ሰው ነው። ያ አገር ከባሕሩ ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ ግድቡን አንድ ቀን ከተዘናጉበት ድንቹንም ቤቱንም ውሃ ይወስደዋል። ሲሪል ጨዋታ አያውቅም። ፊደልም በወጉ ስላልቆጠረ ደብዳቤ የምታነብለት ሚስቱ ዊኒ ነበረች።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ አሥር ዓመት ግድም ሲሆን፣ ለንደን የምታስተምረው አንድ ልጃቸው ኦድሪ የጠበቃ ልጅ ልታገባ ሆነ። ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ለእናቷ ደብዳቤ ላከች። ዊኒ ጮክ ብላ ስታነብ፣ «አባዬን እወደዋለሁ፤ ግን ታውቂዋለሽ፣ ስቶጂ ነው» የሚል ላይ ደረሰችና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ምን አለች? እስቲ ድገሚልኝ።»

«ስቶጂ ነው ትላለች።»

የሲሪል ፊት በራ። በእሱ ሥራ ስቶጅ ማለት ከቦይ ሥር የሚወጣው ወፍራም፣ አካፋ አልለቅም የሚል ጭቃ ነው። ግድብ ሲያፈስ አሸዋ አያቆመውም፤ ባቄላ የሚያበቅለው ለም አፈርም አያቆመውም። ስቶጅ ብቻ ያቆመዋል፤ ስቶጂ መባልም ለእሱ እንደዚያ ጽኑ መባል ነው።

«አየሽልኝ ልጄን! ለንደን ገብታም የእኛን ቃል አልረሳችም!»

ዊኒ ግን ሃያ ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠርታለች፤ ቃሉ ከጭቃው ተነስቶ የት እንደደረሰ ታውቃለች። ልጆቹ በዱቄትና በሞራ የምትሠራውን፣ ሆድ ላይ ቁጭ የሚለውን ፑዲንጓን ስቶጅ ይሉት ነበር። አስተማሪዎቹ ደግሞ አብረውት ሲቀመጡ የሚያፋሽጉበትን ሰው ስቶጂ ሲሉ ሰምታለች። ደብዳቤውም ይቀጥልና፣ «ስለዚህ የሙሽራ አባት የሚያደርገውን የሠርግ ንግግር አጎቴ ሬጅ ያድርግ፤ አንቺ በዘዴ ንገሪው» ይላል። ዊኒ ይህቺን ዘለለቻት። ፈሪ ሆና አይደለም፤ ባሏ እንዲህ ሲደሰት ካየችው ስንት ዘመኗ!

ሲሪል ቦይ ውስጥ ቆሞ ንግግሩን ለዳክዬዎች ሲለማመድ ሰነበተ። እሷም ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስትል ሠርጉ ደረሰ።

በአዳራሹ የሙሽራይቱ አባት ተራ ሲሆን ሲሪል በጠባብ ኮቱ ተነሳ። ኦድሪ እናቷን ገላምጣ አየቻት።

«እኔ መናገር አልችልም» አለ። «ልጄ ግን ለእናቷ ስትጽፍ፣ አባዬ ስቶጂ ነው ብላለች። አርባ ዓመት ስሠራ አለቃዬ እንኳ እንዲህ አላመሰገነኝም። እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ።»

የሙሽራው ወገን አዳራሹን በሳቅ አናጋው። አንዱማ «ወይ ጨዋታ አዋቂ!» እያለ ጠረጴዛውን ይደበድባል። ሲሪልም የተደሰቱ መስሎት አብሮ ሳቀ። ምን ያስቃል? እኔ እዚያ ብሆን ኖሮ አንገቴን የምደፋ ይመስለኛል። ኦድሪ ፊቷ አመድ መስሎ ሄዳ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

«ይቅር በለኝ፣ አባዬ» እያለች አለቀሰች።

«ምን አደረግሽና? በይ፣ ቀሚስሽ ይበላሻል!»

ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ሲመለሱ ሲሪል የሰዎቹን ሳቅና የልጁን ይቅርታ ሲያሰላስል መጣ።

«ዊኒ፣ ያ ቃል እነሱ ጋ ምን ማለት ነው?»

ልትዋሽ ፈለገች፤ ዓይኑን አይታ ግን አልቻለችም። «ደባሪ ማለት ነው።»

«ንግግሩንስ እኔ እንዳደርግ ፈልጋ ነበር?»

«ሬጅ ያድርገው ብላ ነበር። የደበቅኩህ እኔ ነኝ።»

ሲሪል ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ፊቱን ወደ ሜዳው አዞረ። ዊኒ እጁን ልትይዝ ስትል እሱ ቀድሞ እጇን ያዛት።

«ነገ ጻፊላት» አለ። «አባትሽ ዛሬም አልገባውም፣ ደስ እንዳለው ነው በያት። በሠርጓ ቀን አባቷን እንዳሳፈረች እያሰበች አትኑርብኝ።»